ሽንኩርቱ ለዘንድሮ፣ አቮካዶው ለከርሞ

(በሞጆ ደረቅ ወደብ በተካሄደው የአባላት ጉብኝት ማጠቃለያ ላይ በዩኒየኑ የሰብል ልማት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)







ዛሬ ጠዋት በዚህ ግቢ ስንዘዋወር ከአባላቱ አንድ አባት ማቀዝቀዣ ያላቸውን ኮንቴይነሮች እያመለከቱ «ታዲያ ሽንኩርታችንን ትተን አቮካዶ እንትከል ነው የምትሉን?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ እንደሆነ ስለማውቅ ንግግሬን በዚሁ ላይ አደርጋለሁ።

ይህ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲቋቋም ለአብዛኞቻችን ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ብቻ ነበር። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በ2020 ደግሞ የአገራችን አቮካዶ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ከሞጆ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ወደ አውሮፓ ተላከ። መንገዱ በደጃችን ያልፋል ማለት ነው። ሆኖም መንገድ መኖሩ ብቻ ገበሬን ሀብታም አያደርግም። አስቀድሞ የሁለቱን ተክሎች ጠባይ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሽንኩርትን እናውቀዋለን። ከመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣውን አዳማ ቀይን፣ እንዲሁም ቦምቤ ቀይን ያላመረተ በመካከላችን ጥቂት ነው። ችግኙ መደብ ላይ ከ45 እስከ 50 ቀን ይቆያል፤ ማሳ ላይ ከተዛወረ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይነቀላል። በ40፣ በ20 እና በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር ከ600 ሺህ በላይ ተክል ይይዛል። አቮካዶ ግን በ7 ሜትር ርቀት ሲተከል በዚያው ሄክታር የሚገባው 204 ዛፍ ብቻ ነው። አንድ የሽንኩርት ተክል ቢሞትብን አናውቀውም። አንድ የአቮካዶ ዛፍ ሲሞት ግን የዓመታት ድካም አብሮ ይሞታል። ግራፍት የተደረገ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከዘር የበቀለው ደግሞ ከዚህም እጅግ ይዘገያል፣ እንደ እናቱ ለመሆኑም ዋስትና የለውም።

ብዙ ሰው ዛፍ በመሆኑ የአቮካዶ ሥር ጠልቆ ውሃ ፍለጋ የሚወርድ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ምግብና ውሃ የሚስበው ሥሩ እንደ ሽንኩርት ሁሉ ከአፈሩ ላይኛው ክፍል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሁለቱም በጥልቀት መኮትኮትን አይወዱም፤ ሁለቱም ጨው ያለበት አፈርና ውሃ ይጎዳቸዋል። በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመስኖ ውሃው ጨዋማነት ሳይመረመር አቮካዶ መትከል ዓይንን ጨፍኖ ገንዘብ መበተን ነው።

ልዩነታቸው በውሃ አያያዝ ላይ ይጎላል። ሽንኩርት ቶሎ ቶሎ በቦይ ይጠጣል፤ ሊነቀል ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ውሃው ይቋረጥለታል። አቮካዶ ግን ከዓመት እስከ ዓመት መጠነኛ እርጥበት ይፈልጋል፣ የተኛ ውሃ ግን ይገድለዋል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤተሰቤ ማሳ በሽንኩርቱ መካከል 40 የአቮካዶ ችግኞች ተክዬ፣ ለሁለቱም ውሃ በአንድ ቦይ ለቀቅኩ። ሽንኩርቱ አማረ። የአቮካዶው ቅጠል ግን ገረጣ፣ ጫፉም ከላይ ወደ ታች ይደርቅ ጀመር። ውሃ የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት። በመጨረሻ ስቆፍር ሥሩ ጠቁሮ፣ በስብሶ አገኘሁት። ከ40ው የተረፉት 11 ብቻ ነበሩ። ቅጠል ሲጠወልግ ውሃ ከማጠጣት በፊት አፈሩን ጨብጦ ማየት እንደሚገባ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁለቱን በአንድ ማሳ ማልማት አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። ዛፉ ጥላው ሳይሰፋ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በመካከሉ ሽንኩርት ማምረት የቤተሰብን ወጪ ይሸፍናል። ዛፉን ከፍ ባለ ጉብታ ላይ መትከል፣ ለብቻው ክብ ቦይ ማውጣት፣ ውሃው ግንዱን እንዳይነካ ማድረግና ሥሩን ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጎ በገለባ መጎዝጎዝ ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲያሰጋም ለጋውን ችግኝ መሸፈን ይገባል።

አበባውም የራሱ ጠባይ አለው። የአቮካዶ አበባ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በመጀመሪያው እንደ ሴት፣ በሁለተኛው እንደ ወንድ ይሆናል። ሃስ የተባለው ዝርያ ጠዋት ሴት ሲሆን ፉኤርቴና ኤቲንገር በዚያው ሰዓት ወንድ ናቸው። ጥቂቶቹን በሃሱ መካከል መትከልና የንብ ቀፎ ማስቀመጥ ፍሬ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። አበባ ላይ እያለ ፀረ ተባይ መርጨት ግን ንቡን መግደል ነው። ለትሪፕስ ብለን ሽንኩርቱን ስንረጭ ዛፉ ማበቡን ማየት አለብን።

አሁን ወደ ኮንቴይነሩ ልመለስ። ሽንኩርት ሲደርስ አንገቱ ይለሰልሳል፣ ቅጠሉም ይተኛል፤ ነቅለን፣ በጥላ አድርቀን፣ ነፋስ በሚገባበት መጋዘን እናቆየዋለን። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይለሰልስም፤ መድረሱም ከውጭ ሲታይ አያስታውቅም። ሳይደርስ የተቆረጠ ፍሬ ገዢው ቤት ገብቶ ይጨማደዳል እንጂ አይበስልም። የደረቅ ይዘቱ ተለክቶ፣ በመቀስ ከነአጭር እግሩ መቆረጥ አለበት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቅዝቃዜ ይሻል። ሽንኩርት ደረቅ አየር ሲፈልግ አቮካዶ እርጥብ አየር ስለሚፈልግ በአንድ መጋዘን አይቀመጡም። በተጨማሪም ቀድሞ የበሰለ አንድ ፍሬ ከሚያወጣው ጋዝ የተነሣ ሌላውን ሁሉ ያበስለዋል። የአንድ አባል ጥድፊያ የሁሉንም ጭነት ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ለአባታችን ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ሽንኩርቱን አትተዉ፣ አቮካዶውንም አትናቁ። ሽንኩርት ዋጋው ሲወድቅ ማሳ ላይ ሲቀር አይተናል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ወቅት ሌላ መዝራት ይቻላል። አቮካዶ ለሰውየውም ለመሬቱም የረጅም ጊዜ ውል ነው። በመካከላችን ለአንድ ወቅት መሬት ተከራይተው የሚያርሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ «ዛፍ ትከሉ» ማለት ለሌላ ሰው ትከሉ ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ የተገኙትን የሥራ ኃላፊዎች ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ዛፍ ለሚተክል ተከራይ የረጅም ጊዜ የመሬት ውል የሚመቻችበት መንገድ ይታሰብበት። ሁለተኛ፣ ችግኝ ከመታደሉ በፊት የአፈሩና የውሃው ምርመራ ይቅደም፤ የታደለው ችግኝ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመው ዛፍ ይቆጠር።

አባላትን ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አንድ ኮንቴይነር የአንድ ገበሬ ማሳ ብቻውን አይሞላውም። ዝርያችን አንድ ካልሆነ፣ የመቁረጫ ቀናችንንም አብረን ካልወሰንን ባቡሩ ባዶ ያልፈናል። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

መጪው የምርት ዘመን የተሳካ ይሁንላችሁ።