ስለ ፌስታል ጥቂት ቃል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ ተራ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ፌስታል ነው።

የተወለድሁት ዋጫ ነው። እናቴ አንዲት ላም ነበረቻት፤ ደብተርና እርሳስ የምገዛው ከቅቤዋ ሽያጭ ነበር። አንድ ክረምት ላሚቱ ሣር መጋጥ ተወች፤ ሆዷ ተነፋ፤ ሞተች። ሆዷ ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። የጣለው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ራሴ እንዳልሆንሁ ግን መማል አልችልም።

ፌስታል በከብት ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ የምግቡን መንገድ ይዘጋል። እናቃጥለው እንዳንል፣ የፕላስቲክ ጢስ መርዝ አለበት፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲነድ ዳዮክሲን የሚባለውን ያወጣል፤ ይኽም ለካንሰር ምክንያት ይሆናል። እንቅበረው ብንል አይበሰብስም፤ እየተቆራረሰ ይደቅቃል እንጂ። በ2014 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን የፕላስቲክ ድቃቂ በሰው ደም ውስጥ እንዳገኙ አስታውቀዋል። በቦንጋ የምንጥለውም በዝናም ታጥቦ ወደ ጎጀብ፣ ከጎጀብም ወደ ኦሞ ይወርዳል። ይኽ አገር ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበለት የከፋ ምድር ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ሌላ አዋጅ ጸደቀ። ሆኖም አዋጅ ብቻውን ገበያ ወርዶ ዕቃ አይገዛም፤ የምንገዛው እኛ ነን።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ ፕላስቲክ እንደ ገና ይሠራበታልና ችግር የለም ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለቱን እንለይ። የሃይላንድ ጠርሙስ ዋጋ አለው፤ ቁራሌው ይገዛዋል፤ ተፈጭቶም ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። ፌስታል ግን ቀጭንና ጭቃ የነካው ስለ ሆነ፣ ለቅሞ ለማጠብ የሚወጣው ድካም ከሚገኘው ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ማንም አያነሣውም። ለጠርሙሱ መድኃኒቱ መሰብሰብ ነው፤ ለፌስታሉ መድኃኒቱ አለመቀበል ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ጠርሙሶችን በጆንያ ይሰብስብ፤ መኪና አየር ጭኖ እንዳይሄድም በእግር ተረግጠው ይጠፍጠፉ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ባዶ መኪና ይሰጡ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ገበያ ስንወርድ ዘንቢል እንያዝ፤ ለሚጠቀለለውም እናቶቻችን የሚያውቁት የእንሰት ቅጠል በየጓሮው አለ። ሦስተኛ፣ በስብሰባችን የታሸገ ውሃ ቀርቶ ጆግና ብርጭቆ ይቅረብ። ከማመናችሁ በፊት፣ አሁን በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስንት ሃይላንድ እንዳለ ቁጠሩ።

እናቴ እስከ ዛሬ ሌላ ላም አልገዛችም። ይኽ ሐሳብ ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥበት በትሕትና አመለክታለሁ።