ነገ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሜክሲኮ

እንቁጣጣሹ እንዴት አለፈ? ዶሮው አለቀ? ድፎውስ?

መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። ዘንድሮም መጥቷል፣ ያውም በሦስት በአራት ሰው። «ሜክሲኮ አደባባይ ለምን ሜክሲኮ ተባለ?» ነው ጥያቄው። አንዱ አድማጫችን ግምቱንም አክሎበታል፤ «ድሮ እዚያ አካባቢ የሜክሲኮ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ነበር መሰለኝ» ይላል። የለም ወንድሜ፣ ስሙ ከዚያ አልመጣም። ሰው ዕድሜ ልኩን ከሜክሲኮ ሳር ቤት፣ ከሜክሲኮ ጀሞ እየተመላለሰ የሰፈሩን ስም አመጣጥ ሳይጠይቅ መኖሩ ይገርመኛል። እናንተ እንኳን ጠየቃችሁ። ደግሞም በደህና ቀን ነው የጠየቃችሁት፤ ነገ መስከረም 6 የሜክሲኮ የነጻነት በዓል ነው።

ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱን፣ ጃንሆይ ጄኔቭ ሄደው በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የተናገሩትን፣ የጣልያን ጋዜጠኞች እንዴት እንዳፏጩባቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። እኔ የምፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሙሶሊኒ ከተማውን በጦር ያዘ። የቀረው ሌሎቹ መንግሥታት «እሺ፣ ያንተ ናት» እንዲሉለት ነበር። አብዛኞቹም አንድ በአንድ አሉለት። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ወረራውን ተቀበሉ። በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ ግን «አልቀበልም» እንዳለች ቀረች፤ አደባባዩም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ አደራ፣ ጆሮ ስጡኝ። ሜክሲኮ ወታደር አልላከችልንም። ጠመንጃም አልላከችም። ያደረገችው የተዘረፈን ነገር የዘራፊው ነው አልልም ማለት ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ከመሰላችሁ የዚያን ዘመን ስደተኛና አርበኛ አስቡት። አገሩ በካርታ ላይ «የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ ተጽፋ፣ ኢትዮጵያ የምትባል አገር አለች ብሎ የሚከራከር መንግሥት በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ነው።

በጣት የሚቆጠር ማለቴንም ልብ በሉ። «ሜክሲኮ ብቻዋን» እያላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ፤ ብቻዋን አልነበረችም። አሜሪካም፣ ሶቭየት ኅብረትም፣ ቻይናም፣ ኒውዚላንድም ወረራውን አልተቀበሉም። ወዳጅን ለማመስገን ማጋነን አያስፈልግም።

ለመሆኑ ሜክሲኮ ምን አገባት? አንድ ውቅያኖስ ሙሉ ይለየናል፤ ንግድ አልነበረን፣ ዝምድና አልነበረን። መልሱ ያለው ነገ በሚያከብሩት በዓል ውስጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1810፣ ሚጌል ኢዳልጎ የሚባል ቄስ ዶሎሬስ በምትባል ከተማ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደውሎ ሕዝቡን በስፔን አገዛዝ ላይ አስነሣ። ሦስት መቶ ዓመት የቆየ አገዛዝ ነበር። ቄሱ ዓመት ሳይሞላው ተይዞ ተረሸነ፤ ነጻነቱም የመጣው በ1821 ነው። ዛሬም በዋዜማው ሌሊት የአገሪቱ መሪ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ወጥቶ ያንኑ ደወል ይደውላል፣ የጀግኖቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ አደባባዩን የሞላው ሕዝብ በእያንዳንዱ ስም «ቪቫ!» እያለ ይመልሳል። ይህ የሚሆነው በእነሱ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። እኛ ዘንድ ሲሰላ ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ነገ 2 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ከባቡሩ ድልድይ ሥር የታክሲ ሰልፍ ይዛችሁ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጮህ ብትሰሙ፣ በዚያች ሰዓት ማዶም ያሉት ይህንኑ ስም ነው የሚጮኹት።

ከነጻነቱም በኋላ ቢሆን ሰላም አላገኙም። አሜሪካ ወግታ በ1848 ውል አስፈርማ ግማሽ ያህል መሬታቸውን ወሰደች። ቀጥሎ ፈረንሳይ በዕዳ ሰበብ መጣች፤ በ1862 ፑዌብላ ላይ ብትሸነፍም ጦር ጨምራ ተመልሳ ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ ልዑል ንጉሠ ነገሥት አድርጋ ሾመችባቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጉዳይ ጄኔቭ ላይ ሲነሣ ሜክሲኮዎች አዘኔታ አልነበረም የያዛቸው። ጉልበተኛ በጦር የወሰደውን በወረቀት ሲያጸድቅ በራሳቸው ደርሶ አይተውታል። ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ «እሺ» ቢሉ ነገ በእነሱ ላይ «እሺ» የሚባልበትን በር መክፈታቸው ነበር። እኔ ከውለታ በላይ የምወደው ይህን ምክንያታቸውን ነው።

መላእክት ናቸው ማለቴ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 የነዳጅ ሀብታቸውን ከውጭ ኩባንያዎች ሲወርሱ የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩባንያዎች ገበያ ዘጉባቸው፤ እነሱም ለጀርመንና ለዚያው ለጣልያን ነዳጅ ሸጡ። ይህንም ማወቅ አለብን። ነዳጁን ሸጡ እንጂ «ኢትዮጵያ የጣልያን ናት» የሚል ቃል ግን አልወጣቸውም።

ጃንሆይ በ1946 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሜክሲኮ ሄደው ጎብኝተዋል። ስሙም የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ እኛ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለን ሁሉ በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ የተሰየመ አደባባይ አለ። በኋላ የምድር ውስጥ ባቡር ሲዘረጋ በሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ጣቢያ «ኤቲዮፒያ» ተባለ። እዚያ ጣቢያ ሁሉ የራሱ ሥዕል አለው፤ የዚህኛው የአንበሳ ራስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም ተቀጥሎበታል፤ የእኛው ግን ከፊት ነው። እዚያም ቢሆን በየቀኑ «ኤቲዮፒያ እወርዳለሁ» እያለ ምክንያቱን የማያውቅ ተሳፋሪ አይጠፋም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሰዓቱ እየገፋኝ ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ ያለችው ባልደረባዬ እጇን እያወዛወዘች ነው። ቶሎ ቶሎ ልበል። ማሞ ወልዴ አበበ ቢቂላ በጉዳት ያቋረጠውን ማራቶን ያሸነፈው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነው፣ ጥቅምት 1961 ዓ.ም.። ሰሞኑን መንገድ ዳር ከሰል ላይ እየተጠበሰ የምትገዙት እሸት በቆሎም፣ የበርበሬያችሁም ዘር መነሻው ያ አገር ነው። ቪየና ያላችሁ ደግሞ በዳኑብ ዳር «ሜክሲኮ አደባባይ» የሚል ስታነቡ ግራ አይግባችሁ፤ ሂትለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ኦስትሪያን ሲጠቀልል ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለተቃወመች ነው። ለእኛ ብቻ ብላ እንዳላደረገችው ከዚህ ይታወቃል። ማንም ይሁን ማን፣ የተወሰደበት አገር ለወሰደው አይጸድቅም ነው ያለችው።

የመጨረሻው መልእክቴ አሜሪካ ላላችሁ ነው። እዚያ ሜክሲኮዎች የሥራ ባልደረቦቻችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። እባካችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትሏቸው ቀኑን አታሳስቱ። «ሲንኮ ደ ማዮ» እየተባለ ሜይ 5 የሚጨፈርበት የፑዌብላ ድል እንጂ የነጻነት ቀን አይደለም። እርግጥ ያ ቀን እኛም ሚያዝያ 27 የድል በዓላችንን የምናከብርበት ነውና በዚያም ቀን ብትጠሯቸው አልቆጣም። የነጻነታቸው ቀን ግን ነገ ነው። ደውሉላቸው።