አለመብላት ሁሉ ጾም አይደለም
(በሬዲዮ ከተላለፈ መልእክት ለትራክት የተዘጋጀ)

ዛሬ የምናገረው ስለ ምግብ ነው። «ፓስተር፣ በስብከት ሰዓት ስለ ምግብ?» የሚል ይኖራል። አዎ፤ ምክንያቱም በየቤታችን ምግብ ቀርቦለት መብላት ያቃተው ሰው አለ።

በአካባቢያችን ያለፈውን ታውቃላችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ደግሞ ቤታቸውን ጥለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ በዚያው ዓመት ቤታቸው የፈረሰባቸው ብዙ ናቸው። በዚህ ላይ የኑሮ ውድነቱ፣ ሥራ ማጣቱ፣ ሐዘኑ አለ። ጭንቀት ሲበዛ ጉሮሮ ይዘጋል። «እህል አልወርድ አለኝ» ይላል ሰው። ችግሩ ካለፈ በኋላ እንኳ የምግብ ፍላጎቱ ወዲያው አይመለስም።

በእኛ በአማኞች ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። እህታችን ለሳምንታት ሳትበላ ስትከሳ እናያትና «ጾም ጸሎት ይዛለች» እንላለን። እሷም ይህን ስትሰማ እውነቱን ለመናገር ታፍራለች። ወገኖች፣ እንለየው እንጂ! ጾም በፈቃድ ይያዛል፣ በፈቃድ ይፈታል። የሚጾም ሰው ይርበዋል፤ ስለ ጌታ ብሎ ይተወዋል። ጭንቀት ፍላጎቱን የዘጋበት ሰው ግን ቢፈልግም አይወርድለትም። ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ ማታ «ጾሙን ፍታ» ብባል መብላት እችላለሁ? የምትችሉ ከሆነ ጾም ነው። የማትችሉ ከሆነ ግን ሕመም ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ አስታማሚ ያስፈልገዋል።

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ተመልከቱ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። ይህ እኮ ከአንድ ምዕራፍ በፊት ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደለት ነቢይ ነው! እግዚአብሔር ምን አደረገለት? «እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰውና ትኩስ ቂጣና ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና መጥቶ ሁለተኛ አበላው። ልብ በሉ፦ የበላው ሁለት ጊዜ ነው፤ በመካከሉም እንቅልፍ አለ። እግዚአብሔር በኮሬብ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታ ኢየሱስም የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ሲያስነሣ የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ፤ ማርቆስ 5 ላይ አለ። ተአምር የሠራው ጌታ ምግቧን አልረሳም።

ሰውነታችንንም የሠራው እርሱ ነው። ስንደነግጥ ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፤ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል። ለአንድ ሰዓት ሲሆን ይጠቅማል። ለወራት ሲቆይ ግን ሰው ጥቂት ቀምሶ «ጠገብኩ» ማለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አለመብላቱ ራሱ ሌላ ሐዘን ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶች፣ በጦርነት የተራቡ ሰዎች እንዴት እንደሚያገግሙ ለማጥናት፣ በፈቃዳቸው ለወራት ምግባቸው ተቀነሰ። ሰውነታቸው ብቻ አልከሳም፤ ብዙዎቹ በድባቴ ተዋጡ፣ ቶሎ የሚቆጡ ሆኑ፣ ከሰው ራቁ። ስለዚህ «ሐዘኔ ሲለቀኝ እበላለሁ» አንበል። ጥቂት ጥቂት መብላት ሐዘኑን ለመሸከም አቅም ይሰጣል።

ታዲያ እንዴት እንመለስ?

አንደኛ፣ ረሃብ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሰዓት ያዙ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ኩባያ አጥሚት፣ አራት ሰዓት ላይ ሙዝ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጥቂት ጉርሻ፣ አሥር ሰዓት ላይ እርጎ፣ ማታ ሾርባ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ ለሆድ ከሚቀለው ጀምሩ። የአጃ ወይም የምስር ሾርባ፣ ድንች አልጫ፣ ቅንጬ፣ የተቀቀለ እንቁላል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ይቆይ። ሱሉልታ ያላችሁ ወተቱ ደጃችሁ ነው። ሥጋ የለም ብላችሁ አትዘኑ፤ ቀጠን ያለ ሽሮ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ጥሩ ምግብ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍላጎት ከሚዘጋ ነገር ራቁ። በባዶ ሆድ ከአቦል እስከ በረካ ቡና መጠጣት ረሃብን ያታልላል፤ ከቁርስ በኋላ አድርጉት። ጫትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል።

አራተኛ፣ ብቻችሁን አትብሉ። በሐዋርያት ሥራ 27 ላይ 276 ሰዎች በማዕበል ውስጥ ለ14 ቀን ሳይበሉ ቆዩ። ጳውሎስ እንዲበሉ ለመናቸው፤ ከዚያ በፊታቸው አመስግኖ ራሱ መብላት ጀመረ። ያን ጊዜ ሁሉም ተጽናንተው በሉ። ቤተሰቦች፣ የጸሎት ቡድኖች፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በየተራ አጥሚት በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ጠጡ። «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ደግ ባህላችን ነው፤ ለደከመ ሰው ግን ጉርሻው ይነስ፣ ጭቅጭቁም ይቅር።

አሁን ጥንቃቄውን ስሙኝ። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ምንም ያህል ያልበላ ወይም እጅግ የከሳ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ አይብላ። በደሙ ውስጥ ያሉ ማዕድናት በድንገት ወርደው ልቡን ሊጎዱት ይችላሉ። በጤና ተቋሞቻችን በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድተው የሚተኙ ሕፃናት መጀመሪያ ኤፍ 75 የተባለው ቀለል ያለ ወተት፣ ሲያገግሙ ደግሞ ጠንከር ያለው ኤፍ 100 የሚሰጣቸው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ረጅም ጾም የምትፈቱም ይህን አስቡ።

60 ኪሎ የነበረ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሰ ይታይ። ሐዘኑና ምግብ መጥላቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ይታይ። ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ሌሊት የሚያልብ ከሆነ፣ የቲቢ ምርመራ ያድርግ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ሳትበሉ ቀን አታሳልፉ፤ ካልወረደላችሁ ቶሎ ለሐኪም ንገሩ። እንደ ኤልያስ ሞትን የምትመኙ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ለሰው ተናገሩ። የሰማችሁም ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪም ዘንድ መሄድ አለማመን አይደለም። የጳውሎስ ባልደረባ ሉቃስ ሐኪም ነበር።

በመጨረሻ ሐናን አስቡ፤ 1ኛ ሳሙኤል 1። በልጅ እጦት እያለቀሰች አልበላም ብላ ነበር። ልቧን በጌታ ፊት አፈሰሰች፤ ከዚያም ሄዳ በላች። ልብ በሉ፣ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም። ጥያቄዋ ሳይመለስ፣ ችግሯ ሳይፈታ በላች። እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ቤቱ እስኪሠራ፣ ሥራው እስኪገኝ፣ ሐዘኑ እስኪወጣ አትጠብቅ። የአንተም የመብላት እምነት እንዲህ ይሁን።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ እህል አልወርድ ያላቸውን ታውቃቸዋለህ። ዛሬ ማታ የሚቀምሷትን ጥቂት ነገር ባርክላቸው፤ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰውም ላክላቸው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።