ካርዱና አዲሱ አንባቢ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የቤተ መጻሕፍት ሙያ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም መጽሐፉን ገና ያልገለጠ አንባቢ የሚፈልገው ያንኑ መጽሐፍ መሆኑን በምን ያውቃል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በአንቶኒዮ ፓኒዚ መሪነት በብሪቲሽ ሙዚየም የወጡት 91 የካታሎግ ደንቦች ለዚሁ ጥያቄ የተሰጡ መልስ ናቸው። የካታሎግ ካርድ በመጽሐፉ ፈንታ ይናገራል፤ ካርዱ ከተሳሳተ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዛሬ ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ መጥቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ወኪል የሰውን ጥያቄ ይዞ ወደ ሰነዶች ክምችት ይገባል፤ የሚገባውም መሣሪያ በተባሉ ፕሮግራሞች አማካይነት ነው። ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2023 የቋንቋ ሞዴሎች ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚጠሩበትን መንገድ ለሠሪዎች አቀረበ፤ አንትሮፒክም በ2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን የጋራ ሥርዓት ይፋ አደረገ። በሁለቱም ዘንድ ሞዴሉ በተለመደው አሠራር የመሣሪያውን ውስጥ አያይም። የሚቀርብለት ስሙ፣ መግለጫውና እንዲሞሉ የሚጠየቁት ዝርዝሮች ናቸው። እንግዲህ መግለጫው የወኪሉ የካታሎግ ካርድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመግለጫ ጉድለት የሚያስከትለውን ጉዳት ከአገራችን ሕግ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛ ክፍል ቁጥር 1156/2011 ሲባል፣ በእንግሊዝኛው ክፍል 1156/2019 ይባላል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377 ነው። አሁን አንድ መሣሪያ «ሕግ ይፈልጋል፤ ዓመት ይቀበላል» የሚል መግለጫ ብቻ አለው እንበል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት ከወሊድ በኋላ ስንት ቀን ፈቃድ እንዳላት ትጠይቃለች። ወኪሉ ቁጥሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከወሰደው በዚያ ዓመት ይሠራበት የነበረው አዋጅ 377 ስለሆነ ይህንኑ አንሥቶ 60 ቀን ይላታል። አዲሱ አዋጅ ግን 90 አድርጎታል። መልሱ ከእውነተኛ ሰነድ የተቀዳ ስለሆነ ስሕተቱን ለማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሠላሳውን ቀን የምታጣው ግን እርስዋ ናት።

ይኸው መግለጫ እንደሚከተለው ቢጻፍ ይሻላል፦ «በነጋሪት ጋዜጣ የታተሙ አዋጆችን በቁጥር ወይም በርእሰ ጉዳይ ይፈልጋል። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላ፤ ምሳሌ፦ 2011። የአዋጁን ቁጥር፣ የወጣበትን ዓመትና የተሻረ መሆን አለመሆኑን ይመልሳል። የአንቀጾቹን ቃል አያቀርብም፤ ለዚያ ‹አንቀጽ አንብብ› የተባለው መሣሪያ ያገለግላል። የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን አይጨምርም።»

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ አራት ነገሮች ተሟልተዋል። መሣሪያው የሚሠራው ሥራ፣ የሚጠይቀው ነገር ከነአጻጻፉ፣ የሚመልሰው ነገርና የማይሠራው ሥራ ተለይተዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ሁለት መሣሪያዎች «ሰነድ ይፈልጋል» ከተባሉ ወኪሉ በግምት ይመርጣልና ወሰናቸው በግልጽ መከለል አለበት።

ለአማርኛ ሰነዶች ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ዓመት» እና «አመት» በጽሑፍ ይለያያሉ፤ መሣሪያው እነዚህን እንደ አንድ የሚቆጥር መሆን አለመሆኑ ይገለጽ። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም የማይፈለግ ከሆነም ይነገር። ደግሞም «አልተገኘም» እና «ክምችቱ አልተከፈተም» የተለያዩ መልሶች መሆናቸው ይታወቅ፤ ወኪሉ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ከወሰደው ያለውን ሕግ የለም ብሎ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ማብዛት ማብራራት አይደለም። መግለጫዎቹ ሁሉ ከጥያቄው ጋር በሞዴሉ ፊት ስለሚቀርቡ፣ የተንዛዛው መግለጫ ዋናውን ነገር ይሸፍናል። መልካም መግለጫም ቢሆን የመሣሪያውን ጥብቅነት አይተካም፤ ዓመቱ በተሳሳተ አቆጣጠር ሲሞላ መሣሪያው ራሱ ምክንያቱን ተናግሮ መመለስ አለበት። ምንጩ ያልታወቀ መሣሪያ መግለጫም ወኪሉን የሚያሳስት ትእዛዝ ሊይዝ ስለሚችል ሳይመረመር አይግባ።

የመግለጫ መልካምነት የሚታወቀው በፈተና ነው። ተራ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይሰብሰቡ፤ ወኪሉ የትኛውን መሣሪያ እንደ መረጠና ምን እንደ ሞላ ይመዝገብ፤ በሳተበት ቦታ ቃሉ ይታረም፤ ፈተናውም ይደገም።

ይህ ሥራ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ሰነድን በጥቂት ቃል መግለጽ የዚህ ማኅበር አባላት የኖሩበት ሙያ ነው። አንባቢው ቢለወጥም በመጨረሻ መልሱን የሚቀበለውና ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው ነውና፣ ካርዱን በጥንቃቄ የመጻፍ ኃላፊነት ዛሬም የባለሙያው ነው።