ስለ ድምፅ ማጉያችን ኮንደንሰሮች ለጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ለቀብር ጥሪ የምንጠቀምበት የድሮ አምፕሊፋየር ይጣልና አዲስ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ገንዘብ ሳናወጣ እናስመርምረው ብለን አስመረመርን። ዕቃው አልሞተም፤ የሞቱት ኮንደንሰሮቹ ናቸው።

ኮንደንሰር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ነገር ነው፤ እንደ ውኃ በርሜል ቁጠሩት። ከመስመር የሚገባው 220 ቮልት ወርዶ ሲለወጥ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል፤ ትልቁ ኮንደንሰር ጉድለቱን ይሞላል። ውስጡ ያለው እርጥብ ነገር ሲደርቅ ግን መሙላት ያቅተዋል። ያ ማንም ሳይናገር የሚሰማው ማጉረምረም ከዚህ የመጣ ነው። እኛ እኮ የማይክራፎን ጥፋት መስሎን ሁለት ማይክራፎን ገዝተንበታል፤ ይቅር በሉን።

አገራችን ቆላ ነው። ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዓይነት ኮንደንሰር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። መተማ በበጋ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በቆርቆሮ ቤት የተዘጋ ዕቃ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ የሚገዛው 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። ማይክሮፋራዱ እንደ አሮጌው፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፤ ባለ 50 ቢጠፋ ባለ 63 ይሆናል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ ይፈነዳል። ጠፍጣፋዎቹ የሸክላ ኮንደንሰሮች በዚህ ዓይነት አይደርቁምና፣ ሁሉም ይለወጥ ለሚል ሠራተኛ አንከፍልም።

አሁን ስለ ቤታችሁ ዕቃ። አባቶቻችን ኦምዱርማንን ይሰሙባቸው የነበሩ ባለ ቫልቭ ሬዲዮኖች በየሣጥኑ አሉ። ዓመታት የተቀመጠን ሬዲዮ አውጥቶ በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት አይገባም፤ የደከመው ኮንደንሰር ሌላውንም ይዞ ይቃጠላል። አዋቂ ሠራተኛ መጀመሪያ የድሮውን ዓይነት ባለ ክር አምፖል በመስመሩ መሐል አስገብቶ ይሞክረዋል፤ አምፖሉ በሙሉ ብርሃን በርቶ ከቀረ ውስጡ ችግር አለ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ይኸ ነው፦ ከሶኬት ቢነቀልም ኮንደንሰሩ ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። አንድ ልጃችን "ነቅዬዋለሁ" ብሎ እጁን አስገብቶ መታው፤ ፈጣሪ አተረፈልን። ኃይሉ በሬዚስተር እንዲወርድ ተደርጎ በሜትር ሳይለካ ማንም አይንካ። በካቻቢቴ ብልጭ ማድረግም ጀግንነት አይደለም።

የአምፕሊፋየሩ ቁልፍ በንብረት ያዡ ዘንድ ነው፤ ተጠግኖ እስኪመለስ ማንም እንዳይሰካው።