የጥናት ምንጭን ስለ መለየት



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለኮሌጅ ተማሪም የተነገረ ይመስላል። ተማሪ በጥናቱ የሚጠቅሰው ጽሑፍ ምንጭ ይባላልና፤ ምንጭም ሁሉ ለአንድ አገልግሎት አይቀዳም።

ለዚህ የድንቅነሽ ነገር ጥሩ አብነት ነው። አጽሟ በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዜናው በጋዜጣና በራዲዮ ቢናኝም፣ ዝርያዋን አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ብሎ የሰየመው ምሁራዊ ጽሑፍ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። በዚያ ጽሑፍ ዶናልድ ጆሃንሰን፣ ቲም ኋይትና ኢቭ ኮፐንስ ለዝርያው መለያ ናሙና አድርገው የመረጡት ድንቅነሽን ሳይሆን፣ በታንዛኒያ ላኤቶሊ የተገኘ አንድ የታችኛ መንጋጋ ነው። ይህን መሰል ዝርዝር የጋዜጣ አንባቢ እምብዛም አያገኝም።

ይኸው ጆሃንሰን በ1981 ከሜይትላንድ ኢዲ ጋር ሆኖ ስለ ድንቅነሽ ለሰፊው አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አሳትሟል። ሰውየው አንድ ነው፤ ጽሑፉ ግን ሁለት ዓይነት ነው። እንግዲህ የጸሐፊው ዝና ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም። መለያው ጽሑፉ ለማን እንደ ተጻፈ፣ ከመታተሙ አስቀድሞ የሙያው አዋቂዎች መርምረውት እንደ ሆነ፣ ማስረጃውንም ሌላው ሊፈትሸው በሚችል መልክ ከነጥቅሱ አስቀምጦ እንደ ሆነ ነው።

ከዚህም በላይ ጽሑፉ የወጣበት ዘመን ሊታይ ይገባል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያላትን ድንቅነሽን «ከሁሉ ቀዳሚ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ኋይት፣ ገን ሱዋና ብርሃኔ አስፋው በ1994 በ«ኔቸር» መጽሔት ያስታወቁትን፣ በመካከለኛው አዋሽ የተገኘውንና 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን ራሚደስን ዘንግቷል ማለት ነው። ምሁራዊ ጽሑፍም ቢሆን በተከታዩ ይታረማል፤ ክብሩም ለመታረም ራሱን ክፍት ማድረጉ ነው።

ይህ ሲባል ለሕዝብ የተጻፈው ይናቅ ማለት አይደለም። እርሱ ወደ ዕውቀት የሚያስገባ ደጃፍ ነው፤ ደጃፍ ግን መግቢያ እንጂ ማደሪያ አይደለም።

ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የተጠየቀውን መጽሔት አውጥቶ በመስጠት ብቻ ሳይወሰን፣ ተማሪውን «ይህን ማን መረመረው? በምን ማስረጃ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ይኖርበታል። የዛሬው ተማሪ የነገ መምህር ነውና፣ ሳይመረምር የተቀበለው ስሕተት በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ብዙ ደብተር ይገለበጣል።