ስለ ስብርባሪ ሸክላና ስለ አዳራሻችን ግንብ
(በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ስለ ሸክላ ሥራ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን።

በአሜሪካ አገር፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ ዋትስ በሚባለው ሰፈር ስብርባሪ ሸክላ የለበሱ ማማዎች አሉ። ሠሪያቸው ሳባቶ ሮዲያ ከኢጣልያ የፈለሰ የጉልበት ሠራተኛ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ፥ ይኸውም 33 ዓመት ሙሉ፥ ብቻውን ሠራቸው። ብረቱን በሽቦ ጠቅልሎ ሲሚንቶ ያለብሰዋል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅም የተሰበረ ሰሐን፥ የሴራሚክ ንጣፍ፥ የጠርሙስ ስባሪና የባሕር ዛጎል ይተክልበታል። ረጅሙ ማማ 30 ሜትር ያህል ነው። ሥራውንም በእስፓኝ ቋንቋ «ኑዌስትሮ ፑዌብሎ» አለው፤ «የእኛ መንደር» ማለት ነው። ብቻውን የሠራውን «የእኛ» ማለቱን ልብ በሉልን።

የከተማው ሹማምንት ለሰው ያሰጋል ሲሉ እንዲፈርስ አዘዙ። ወዳጆቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. በመሐንዲስ መሪነት ረጅሙን ማማ 4,500 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል አስፈተኑት፤ ማማውም ጸና። ዛሬ በአጠገቡ የሰፈሩ ልጆች ሥነ ጥበብ የሚማሩበት ቤት ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። እኛና የመንደሩ ሕዝብ በጋራ የምንሰበሰብበት አዳራሽ የፊት ግንቡ ባዶ ነው። ለስንብት ግብዣ ካዋጣነው ገንዘብ እኩሌታውን ለሲሚንቶና ለብረት አውለን፥ ሸክላ የለበሰ የዋርካ ምስል ልናቆምበት አስበናል። ከየቤታችሁም የተሰበረ ሲኒና ሰሐን እንድትሰጡን እንለምናለን። ገንዘቡ ለመጻሕፍት ቢውል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውን አንንቅም። እኛ ግን የምንቀንሰው ከመጻሕፍት መግዣ ሳይሆን ከገዛ ጉርሻችን ነው።

ነገር ግን አንድ የሚያሳስበን አለ። በዋትስ ማማዎች ስንጥቅ ውሃ ሲገባ ብረቱ ይዝጋል፤ የዛገውም ብረት አብጦ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ጠጋኝ አልተለያቸውም። እኛ በሰኔ ወጥተን እንበተናለን። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ስንጥቁን የምትደፍኑ እናንተ ናችሁ። እሺ ካላላችሁን ሥራውን አንጀምርም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ መልሳችሁን በተስፋ እንጠብቃለን።